በልክ የተሰፋ የትከሻ ድጋፍ፦ ልኬቱ ከድሬ፣ ስፌቱ ከሐረር

ይህን የምጽፈው ትከሻው ወልቆ ለተመለሰለትና አሁንም ኳስ አላቆምም ለሚል ሰው ነው። እኔ የሰፈር በረኛ ነኝ። የወለቀው ቀኜ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ወደ ሜዳ ስትመለስ ድጋፍ አድርግ ስትለኝ መጀመሪያ ዝግጁውን ከፋርማሲ ገዛሁ።

ዝግጁው ኤም፣ ኤል፣ ኤክስ ኤል ይላል። ደረቴ ላይ ልክ የሆነው ክንዴ ላይ ይሰፋል፣ ክንዴን ልክ የያዘው ደግሞ ደረቴን ያፍነኛል። የተሠራው ከወፍራም ኒዮፕሪን ነው፣ ያ ጠላቂዎች የሚለብሱት ጎማ መሰል ነገር። በድሬ ሙቀት ኒዮፕሪን፣ አቦ! በላብ ይረጥብና ቀስ እያለ ወደ አንገት ይወጣል። እኔ ኳስ ልጠብቅ ወይስ እሱን ላውርድ?

ችግሩ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። የክንድ አጥንት ራስ ትልቅ ነው፣ የተቀመጠበት ጎድጓዳ ግን ትንሽና ብዙም ያልጠለቀ። እጃችን እንደ ልብ የሚዞረው ለዚህ ነው፣ በቀላሉ የሚወልቀውም ለዚሁ። ከሚወልቁት ትከሻዎች 95 በመቶ ገደማው የሚወጣው ወደ ፊት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ክንድ ወደ ጎን ተነስቶ ወደ ኋላ ሲዞር ነው የሚሆነው፣ ድንጋይ ሊወረውር የተዘጋጀ ልጅ እጁን እንደሚይዘው። በረኛ ደግሞ ሥራው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ጥሩ ድጋፍ የሚባለው ትከሻውን ጥርቅም አድርጎ ያሰረው ሳይሆን ያችን አንዷን እንቅስቃሴ ከልክሎ ሌላውን የተወው ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ይህን ወረቀት ላይ ሣለችልኝ። ደረቴን በብብት ሥር፣ ክንዴን ላይና ታች፣ ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ ጫፍ፣ ከዚያ በጀርባ አድርጋ እስከ ግራ ብብት ለካች። ሁለቱንም ጎን ነው የለካችው፤ የተጎዳው በኩል ጡንቻው ሳስቷል። ስፖርቱን ስሠራ ጡንቻው ስለሚመለስ ዛሬ ልክ የሆነ ነገር በኋላ ይጠባል። የሚስተካከል መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ወረቀቱን ይዤ የደንገጎን ዳገት ወጣሁ። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ጋ። ሥዕሉን አዩና «ልጄ፣ ይሄ ልብስ ነው ወይስ የበቅሎ ኮርቻ?» አሉኝ። ቀለዱ እንጂ ገብቷቸዋል። ጠመኔያቸውን ከማንሳታቸው በፊት እጄን እስከቻልኩት ድረስ አስነሡኝ፣ አስቀመጡኝ፣ አጎነበሱኝ፣ ጨርቁ የት እንደሚሳብ በጣታቸው እየተከተሉ። ዝግጁውን የሠራው ፋብሪካ ይህን አላደረገልኝም።

የሰፉት ነገር ሦስት ክፍል አለው። ክንድ ላይ የሚጠመጠም፣ ደረት ላይ የሚዞር ሰፊ ቀበቶ፣ ሁለቱን ከፊት የሚያገናኝ አጭር ማሰሪያ። ዋናው ሦስተኛው ነው፤ ሲያጥር ክንዱ ወደ ኋላ አይሄድም፣ ሲረዝም ይለቅቃል። ማሰሪያው በብረት ቀለበት ውስጥ አልፎ በራሱ ላይ ታጥፎ በቬልክሮ፣ ያ ሲላቀቅ ቸርር የሚለው ማጣበቂያ፣ ይጣበቃል፣ ስለዚህ በግራ እጄ ብቻ ጎትቼ አጠብቀዋለሁ። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዝግጁውን ለመልበስ ወንድሜን መጥራት ነበረብኝ! ማሰሪያው ላይ ደግሞ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ክር ምልክት ሰፍተውበታል፤ ፊዚዮቴራፒስቷ «አሁን ቢጫው ላይ» ስትል ግምት የለም።

ገበሩ ጥጥ ነው፣ ውጪው የቦርሳ ማንገቻ የሚሠራበት ጠንካራ ጨርቅ። ላቡ አልቀረም፣ ግን አይንሸራተትም፤ የያዘው ደረትን እንጂ አንገትን አይደለም።

አሁን ወደሚያናድደው። የግራ ብብት ሥር የሚያልፈው ቀበቶ ቆዳዬን ላጠው። ሁለተኛ ልኬት ላይ አባባ እዚያ ጋ ጠርዙን ጠቅልለው ስፖንጅ ከተቱበት፣ ተሻለው እንጂ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ቀጭን ካናቴራ ከሥር እለብሳለሁ። ቬልክሮውም ርካሽ ነው፣ ቆሻሻ ይሰበስባል፣ በማበጠሪያ ካልጠረግከው መያዙን ይተዋል። ሲታጠብም ተዘግቶ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፤ ከዚያ ጥላ ላይ ማስጣት ነው።

ዋጋው ከዝግጁው እጥፍ ገደማ ነው፣ የሚኒባሱን ሳልቆጥር። ለእኔ ያዋጣል። አልፎ አልፎ ትከሻው ለሚያመው ሰው ግን አልመክርም፣ ገንዘቡን ለፊዚዮቴራፒ ያውለው፤ ድጋፍ ጡንቻ አይሠራም፣ ትከሻን ሁልጊዜ አስሮ ማኖር ደግሞ ያደርቀዋል። ሌላው፣ ትከሻው ገና የወለቀ ሰው ወጌሻ ጋም ልብስ ሰፊ ጋም አይሂድ። መጀመሪያ ራጅ። የትከሻው ውጪ በኩል ከደነዘዘ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ሳይነግር አይውጣ። ድጋፉን ለብሳችሁም ጣታችሁ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው አላሉት፣ ከማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከባለሙያ የተጻፈ ልኬት ይዛችሁ ሂዱ፣ አለዚያ አባባ አይሰፉም። ዝግጁ ድጋፍ ካላችሁም ውሰዱት፣ ቀለበቱንና ቬልክሮውን ፈትተው ስለሚጠቀሙበት ዋጋ ይቀንሱላችኋል። ዓርብ ለጁምዓ ሱቁን ስለሚዘጉ በጠዋት ድረሱ።