ለአንድ ጎሚስታ ምስጋና፣ አዲስ ጎማ ለምታስገቡ የባህር ዳር ሞተረኞች ጥቆማ

ባህር ዳር ውስጥ ሞተር የምትነዱ ሁሉ፣ ጎማ የምታስቀይሩበት ቦታ ከጠፋችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ ጎሚስታ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ «ሥራውን ጻፍ፣ ስሜን ተወው» ብለውኛል። እኛ ደንበኞቻቸው ጋሼ ነው የምንላቸው። «የሞተር ጎማ የሚሠሩት ጋሼ» ብላችሁ ጠይቁ፣ የማያሳያችሁ የለም።

እኔ የመስኖ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ዛሬ ሮቢት፣ ነገ ዘጌ፣ ሥራ ከጠራኝም መራዊ ዘልቄ ቆጋ መስኖ ላይ ነኝ። አስፋልቱ፣ ኮብልስቶኑ፣ ፒስታውና ዋልካው በአንድ ቀን ይፈራረቁብኛል። ከኋላዬ የመፍቻ ሳጥን አለ፤ አንዳንዴም ሙሉ ፓምፕ ታስሮ ይሄዳል። ለእኔ ጎማ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ አትታዘቡኝ።

መጀመሪያ የወደድኩላቸው አለመቸኮላቸውን ነው። ሞተሩን ከማንሳታቸው በፊት የኋላውን ጎማ በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት። «ይሄማ ጠረጴዛ ሆኗል» አሉኝ። እውነትም መሃሉ ልሙጥ ብሎ ተደልድሏል፤ ጎንና ጎኑ ላይ ግን ጥርሱ እንዳለ ነው። ጭነት ይዞ አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሞተር ጎማውን የሚጨርሰው እንደዚህ ነው። የኋላው ኃይል ስለሚያስተላልፍና ጭነቱም ስለሚያርፍበት ከፊቱ ቀድሞ ያልቃል።

የሞተር ጎማ ክብ ሆኖ የሚሠራው ሞተር ኩርባ ላይ ስለሚያጋድል ነው። ክብነቱ ሲጠፋ ሞተሩ መጀመሪያ አላጋድል ብሎ ይከራከራል። ትንሽ ስትጫኑት ደግሞ ጠርዙን ተሻግሮ ድንገት ዱብ ይላል። ብዙ ሰው ይሄን የሞተሩ ጠባይ ነው እያለ ለዓመታት ይነዳል። አንዳንዱማ ጤነኛውን ኩሽኔታ ያስቀይራል፤ ጥፋቱ ግን የጎማው ነው።

ከዚያ ሁለት ዓይነት ጎማ አወጡልኝ። አንደኛው ጥርሱ ትልልቅ፣ ጭቃ የሚቧጥጥ ነው። ሁለተኛው ለአስፋልትም ለፒስታም የሚሆን፣ ጥርሱ ተቀራራቢ ነው። የመጀመሪያው ዋጋው ይበልጣል። «ከሳምንቱ ስንቱን ቀን አስፋልት ላይ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። አብዛኛውን አልኳቸው። ውዱን አንስተው ወደ ቦታው መለሱት።

ምክንያታቸውንም ነገሩኝ። ትልልቁ ጥርስ አስፋልት ላይ መሬት የሚነካው በጫፉ ብቻ ነው። ፍሬን ስትይዙ ጥርሱ ይተጣጠፋል፣ ሞተሩ ይዋልላል። ዝናብ የነካው አስፋልት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይታመንም። እየተፋተገም ቶሎ ያልቃል። ውሎው ማሳ ውስጥ ለሆነ ሰው ግን ራሳቸው እሱን ነው የሚመርጡለት። ውዱን ዕቃ መልሶ የሚሰቅል ነጋዴ ዘንድሮ ስንት ቦታ ይገኛል?

የመረጡልኝን ጎማ ገልብጠው ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፈለጉ። እዚያ የምታገኟቸው አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 1824 ካለ፣ በፈረንጆቹ 2024 በ18ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ላስቲኩ እየደረቀ፣ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ ሲከርም ይብስበታል። ጥርሱ ሙሉ የሆነ አሮጌ ጎማ ዓይን ይሞላል፣ መንገድ ግን አይቆነጥጥም። ስለዚህ ስትገዙ ቁጥሩን አንብቡ። ሻጩ ካኮረፈ ሌላ ሱቅ አለ።

መጠኑ ላይም ጠንካራ ናቸው። የእኔ ሞተር የፊቱ 2.75-21፣ የኋላው 4.10-18 ነው። ከሰረዙ በፊት ያለው ቁጥር የጎማው ስፋት፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው የቸርኬው ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በኢንች። እዚያው የቆመ አንድ ጎረምሳ ሰፋ ያለ ጎማ እንዲገባለት ይለምናቸው ነበር፤ ያምራል ብሎ። «ቸርኬው ጠባብ ነው፤ ጎማው ተጨምቆ ቅርጹን ያጣል፣ ከካቴናውም ጋር ይፋተግብሃል» ብለው መለሱት። ልጁ ቅር እያለው ሄደ።

አሁን ወደ እጃቸው ሥራ ልምጣ። አሮጌው ጎማ ሲወልቅ ባዶውን ቸርኬ በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። ቸርኬውን ከሚወጥሩት ሽቦዎች የአንዱ ጫፍ ብቅ ብሎ ነበር። እሱ ነው የውስጡን ጎማ ቀስ እያለ የሚበላው። በሞረድ ሞረዱት፣ ሽቦዎቹን የሚሸፍነውን የላስቲክ ቀበቶም ቀየሩት። የውስጡን ጎማ አዲስ አደረጉት። አሮጌው አገልግሎ የተለጠጠ ስለሆነ፣ አዲስ ጎማ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፤ የታጠፈበት ቦታ ይቀደዳል።

አዲሱን የውስጥ ጎማ ታልክ ዱቄት ቀቡት፣ ጥቂት ነፋስ ሰጥተው ቅርጹን አስያዙት፣ ከዚያ አስገቡት። የጎማውን ከንፈር በሳሙና ውሃ አረጠቡ። ማውለቂያ ብረቱን በትንሽ በትንሹ ነው የሚገፉት። ከወዲያ በኩል ደግሞ በጉልበታቸው ጎማውን ወደ ቸርኬው ስርጉድ ተጭነው ይይዙታል። ብረቱ በኃይል ከገባ የውስጡን ጎማ ይነክሰዋል። ብዙ ቦታ ጎማ ተቀይሮ በማግስቱ የሚተነፍሰው በዚህ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛው ጎማው ጎን ላይ ያለው ፍላጻ ነው፤ የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ያሳያል። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ የተገጠመልኝ የፊት ጎማ ፍላጻው ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። ያገኙት እሳቸው ናቸው። ጥርሱ ውሃውን ወደ ውጭ የሚገፋው በትክክለኛው አቅጣጫ ሲዞር ነው። ሁለተኛው የነፋስ መሙያው ዳዶ ነው። ሁሉም ቸርኬው ድረስ ያጠብቀዋል። እሳቸው ላላ አድርገው ከክዳኑ ሥር ተዉት። የውስጡ ጎማ ቦታውን ከሳተ የነፋስ መሙያው ዘመም ይላል፣ እናንተም ሳይቀደድ ታዩታላችሁ። ዳዶው ከጠበቀ ግን ምንም ሳታዩ ከሥሩ ይበጠሳል። ከሥሩ የተቀደደ ደግሞ ልጥፍ አይዝለትም።

ነፋሱን ሞልተው የጎማው ጎን ላይ ያለችውን ቀጭን መስመር በዓይናቸው ተከተሉ። ከቸርኬው ያላት ርቀት ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ጎማው በደንብ አልተቀመጠም። ከዚያ ነፋሱን ሙሉ በሙሉ አስወጥተው እንደገና ሞሉት፤ ውስጡ የተጨማደደ ነገር ካለ እንዲቃና ነው። የመጨረሻውን ልክ በጌጅ ለኩ። በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጎ «በቂ ነው» የሚል ጎሚስታ ለለመደ ሰው፣ ይሄ ብቻውን ያስመሰግናል። የኋላውን ሲመልሱ በግራና በቀኝ ያለውን ምልክት እኩል አድርገው የካቴናውን ልል መጠን አስተካከሉ።

ስወጣ ቁልፉን ይዘው አቆሙኝ። «አዲስ ጎማ ያዳልጣል። እስከ 160 ኪሎ ሜትር ድረስ ቀስ በል።» ከፋብሪካ የሚወጣ ጎማ ላዩ ልስልስና አብረቅራቂ ነው። ያ ላዩ መንገድ ላይ ተፍቆ ሻከር እስኪል ድረስ ኩርባ ላይ ብዙ አታጋድሉ፣ ቀስ በቀስ ጨምሩ። በመጀመሪያው ቀን በተለይ ፍሬንና ነዳጅ በኃይል አትስጡ፤ የሳሙናው ውሃ ካልደረቀ ጎማው ቸርኬው ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ላዩን በቤንዚን ማጠብ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግም አያስፈልግም፤ መንገዱ ራሱ ይፈቀዋል። ላቫጆ ስትሄዱ ደግሞ ልጆቹን ጎማውን ቅባት እንዳይቀቡላችሁ ንገሯቸው። ለመኪና ጎማ ያምራል፤ ለሞተር ግን ቅባቱ የሚያርፈው ስታጋድሉ መሬት በሚነካው ጎን ላይ ነው።

ልዩነቱን ቀጥታ መንገድ ላይ ብዙም አታውቁትም። 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የአባይ ድልድይ ስሻገር ጎማው ገና ምንም አልነገረኝም። አደባባይ ስዞር ግን ሌላ ሞተር የተሰጠኝ መሰለኝ። ገና ሳስበው ያጋድላል። ለድሮው ጎማ የለመድኩት ጉልበት ስለበዛበት ከፈለግኩት በላይ ወደ ውስጥ ገባ። ይህ የሚያስፈራው ለጥቂት ጊዜ ነው። ጎማው ክብ ስለሆነ መሪው ቀለለ፤ እጅ ሲለምደው ደስ ይላል።

እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ለውጡ ይበልጥ ይታወቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም የባህር ዳርን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ድሮ ፍሬን ስነካ ኋላዬ ሸርተት የሚልበት ቦታ አሁን ሰብሰብ ብሎ ይቆማል፤ ጥርሱ መሃል ያለው ቦይ ውሃውን ስለሚያስወጣው ነው። ግን አዲስ ጎማ ተአምር አይሠራም። ዜብራው ላይ ያለው ቀለም ሲረጥብ አሁንም ያዳልጣል። ዋልካ ውስጥ ደግሞ ጥርሱ በጭቃ ይደፈንና ልሙጥ ጎማ ይሆናል። እዚያ ወርዶ መግፋት ነው።

ጎማው እንዲቆይላችሁ ነፋሱን ጠዋት፣ ሞተሩን ሳታንቀሳቅሱ ለኩ፤ ከተነዳ በኋላ ስለሚሞቅ ቁጥሩ ይጨምራል። ልኩን ሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ወይም ከመመሪያው መጽሐፍ ታገኙታላችሁ፤ ብቻችሁን ስትነዱና ጭነት ስትይዙ ይለያያል። ነፋስ ካነሰ ጎማው ይሞቃል፣ ጎንና ጎኑ ያልቃል። ከበዛ መሃሉ ያልቃል፣ ሞተሩም ኮረኮንች ላይ ይዘላል። ፒስታ ላይ እንዲመቸው ብላችሁ ካስተነፈሳችሁት አስፋልት ስትወጡ መልሳችሁ ሙሉት። ቦዩ ውስጥ ደግሞ ብቅ ያሉ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ቦታቸውን ጎኑ ላይ ቲ ደብሊው አይ (TWI) የሚሉት ፊደሎች ያመለክታሉ። 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ከፍታቸው። ጥርሱ ተበልቶ ከእነሱ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል፤ አትከራከሩ።

ጋሼ ጉድለት የላቸውም አልልም። ሥራቸው ዝግ ያለ ነው፤ የሚቸኩል ሰው ይበሳጫል። የጎማ ሚዛን ማስተካከያ ማሽን የላቸውም፣ በአክሱ ላይ አንጠልጥለው በዓይን ነው የሚያዩት። ለእኔ ሞተር ፍጥነት በቂ ነው። ዋጋቸውን ግን ሥራ ሳይጀምሩ ይናገራሉ፤ ሲጨርሱም ያው ነው። ያወጡትን አሮጌ ዕቃም በእጃችሁ ይሰጧችኋል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የውስጡን ጎማ ፍለጋ በፀሐይ ሱቅ ለሱቅ የሮጠው ረዳትዎም ይደግልን።

የምትሄዱ ካላችሁ ማለዳ ሂዱ፤ ቅዳሜን ግን ተዉት፣ በገበያው ግርግር ሞተር ማቆሚያ አታገኙም። ከመሄዳችሁ በፊት የጎማችሁን ጎን ፎቶ አንሱ፣ መጠኑን ከዚያ ያነቡታል። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትነዱ ተመለሱ ይሏችኋል፤ ካቴናውንና ሽቦዎቹን ደግመው ያያሉ፣ ለእሱ አያስከፍሉም።