ከትልቅ ግንድ ቁራጭ የቡና ጠረጴዛ ያሠራሁበት ወርክሾፕ፣ ጥሩውም መጥፎውም

ሰላም ለሁላችሁ፣ ክቡን የግንድ ጠረጴዛ ፎቶ ከለጠፍኩ ጀምሮ የት ነው ያሠራሽው፣ አይሰነጠቅም ወይ፣ ምን ምን ይሠራሉ እያላችሁ በኢንቦክስ ስለጠየቃችሁኝ ለሁላችሁም አንዴ ልጻፈው። ወርክሾፑ ወደ ለገጣፎ መውጫ ያለ አንድ እንጨት ቤት ነው፣ ቅሬታም ስላለኝ ስሙን እዚህ አልጠራም፣ ግን የምነግራችሁን ይዛችሁ የትኛውም እንጨት ቤት ብትሄዱ ይጠቅማችኋል።

ጠረጴዛው ግራቪሊያ ነው፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ውፍረቱ 7 ሳንቲ፣ ሦስት የብረት እግር አለው። ግራቪሊያን ብዙ ሰው የቡና ጥላ ወይ የግቢ ዛፍ አድርጎ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ግንዱ በአግድም ሲቆረጥ ግን ከመሀል ወደ ጠርዝ የሚሄዱ ደማቅ መስመሮች አሉት፣ ዘይት ሲነካው ደግሞ ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ እኔ እዛው ቆሜ ነው የወደድኩት።

ቤቱን ከሌሎቹ የለየብኝ ነገር ድርቀት ላይ ያላቸው ጥንቃቄ ነው። ከዚህ በፊት የዞርኩባቸው ቦታዎች ግንዱ ትናንት ተቆርጦ ዛሬ ቫርኒሽ ተቀብቶ ነበር የሚሸጠው፣ አንዱ ጋ እንዲያውም ውሃው ገና ከቅርፊቱ ስር ይታያል። እዚህ ግን ባለሙያው (ጋሼ ነው የምንለው፣ ትልቅ ሰው ናቸው) ገና ከመግባቴ የርጥበት መለኪያዋን አውጥተው ቁራጩ ላይ ወግተው 12 በመቶ ማለቱን አሳዩኝ፣ ከዛ አዲስ የገባውን ሲወጉት ቁጥሩ ከ30 በላይ ሆነ። አንድ ሰው እንዲህ ልዩነቱን በዓይናችሁ ካሳያችሁ እመኑት።

ለምን እንደዚህ አሳሳቢ እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እሱ ነው። እንጨት ሲደርቅ እኩል አይደለም የሚሰበሰበው፣ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሰበሰበው ከመሀል ወደ ጠርዝ ከሚሰበሰበው በግምት እጥፍ ነው። ጣውላ ቢሆን ትንሽ ይጠማዘዛል እንጂ ችግር የለውም፣ ሙሉ ክብ ሲሆን ግን ዙሪያው ማጠር ይፈልጋል መሀሉ አይለቀውም፣ ስለዚህ የሆነ ቦታ ላይ የግድ ይከፈታል። እስቲ ሒሳቡን እዩት፣ 80 ሳንቲ ወርድ ያለው ክብ ዙሪያው 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ልዩነቱ 4 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ ጠርዙ ላይ 10 ሳንቲ ክፍተት ማለት ነው! እና ይሄን በኮላና በስቱኮ ሸፍኖ "አይሰነጠቅም፣ ጋራንቲ አለው" የሚላችሁ ሰው ክረምት አልፎ በጋ እስኪገባ ነው ቃሉ የሚቆየው።

ጋሼ የሚሠሩበት መንገድ ደስ የሚል ነው። ግንዱ ገና እርጥብ እያለ ከጠርዝ እስከ መሀሉ ድረስ ሆን ብለው በመጋዝ አንድ መስመር ይቆርጡታል፣ ከዛ ሲደርቅ ሌላ ቦታ ከመተርተር ይልቅ እዛው መስመር ላይ ይከፈታል፣ ጥላ ስር በብትን አስቀምጠው፣ ነፋስ በዝግታ እንዲያገኘው አድርገው ያቆዩታል። ተከፍቶ ሲጨርስ ክፍተቱን አስተካክለው ሌላ ቀለም ካለው እንጨት ሽብልቅ ሠርተው ይሞሉታል። የኔ ላይ የገባው ወይራ ነው፣ ጠቆር ያለ፣ ከግራቪሊያው ጋር ሲታይ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። በኢፖክሲ (ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ እንደ ፕላስቲክ የሚደርቅ ነገር ነው) የሚሞላም አለ፣ ሰማያዊ ወንዝ የሚመስለውን የሚወድ ይወዳል፣ ለኔ ግን እንጨት በእንጨት ሲሞላ ነው የሚያምረው፣ ደግሞ ኢፖክሲው ከውጭ ስለሚገባ ዋጋውን ያንረዋል።

አሁን ቅሬታዬ። አንደኛ ቀጠሮ አያከብሩም፣ "ሰኞ ውሰጂ" ብለው ሰኞ ስደውል ገና እየተላገ ነበር፣ ሦስተኛው ሰኞ ላይ ነው የወሰድኩት። ሁለተኛ ሳልጠይቅ ወፍራም የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ቀቡት፣ እኔ ዘይት ብቻ ነው ያልኩት፣ ለሚቀባው ልጅ አልነገሩትም ማለት ነው። እውነት ለመናገር ስነግራቸው አልተከራከሩም፣ ፍቀው በብርጭቆ ወረቀት አሽተው እንደገና በተልባ ዘይት ሠሩልኝ፣ ተጨማሪ ብርም አልጠየቁም፣ ግን ከላዩ ከአንድ ሚሊ በላይ እንጨት ተፍቆ ሳይሄድ አይቀርም። ሦስተኛ ቅርፊቱ። ከነቅርፊቱ ይምጣልኝ ብዬ ነበር፣ እንዲላጥ መከሩኝ፣ ስር ነቀዝ ይደበቃል፣ ቆይቶም ይረግፋል አሉ፣ በዚህ እነሱ ናቸው ትክክል፣ ጓደኛዬ ቤት ያለው ከነቅርፊቱ የተሠራ ጠረጴዛ አሁን ምንጣፉ ላይ በየቀኑ ዱቄት ይጥላል።

የተልባ ዘይት ካነሳሁ አይቀር፣ ቤታችሁ ራሳችሁ የምትቀቡ ካላችሁ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት፣ በራሱ ሞቆ እሳት ሊነሳ ይችላል፣ ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት። መክተፊያ ላይ ደግሞ ከቀለም መሸጫ የሚገዛውን የተፈላ የተልባ ዘይት አትቀቡ፣ ቶሎ እንዲደርቅ ሌላ ነገር ይገባበታል።

ሌላ ምን ይሠራሉ ላላችሁኝ፣ ግቢው ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። በጣም የወደድኩት በርጩማዎቹን ነው፣ ከአንድ ግንድ ሳይገጣጠም የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር፣ የጅማውን ዓይነት፣ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳ አይንገዳገድም፣ ለቡና ሥርዓት ከዚህ የተሻለ መቀመጫ የለም። ከአጭር ወፍራም ግንድ መሀሉ ተቦርቡሮ የአበባ ማስቀመጫ የሆነም ነበር፣ መሀሉ ስለወጣ የመሰንጠቅ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ሙቀጫና ከበሮ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቀዋል፣ ስለዚህ በድርቀት ለምትሰጉ ጥሩ ምርጫ ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ሞላላ ቁራጭም አለ፣ ለመደርደሪያና ለግድግዳ ሰዓት ይሆናል፣ ከክቡ ያነሰ ይሰነጠቃል። ክቡን ለሁለት ከፍለው ግድግዳ ላይ የሚገጠም ግማሽ ጠረጴዛ ለጠባብ ኮንዶሚኒየም ሳሎን እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት እሱን ነው የማዘው።

የማልመክራችሁ ከአንድ ሙሉ ክብ የተሠራ መክተፊያ ነው። ሥጋ ቤቶች ወፍራም ግንድ ላይ ሲከትፉ ስላየን ይሆናል የምንለው፣ ግን የነሱ ወፍራም ነው፣ እየተፋቀ ነው የሚኖረው፣ የኛ ግን 3 ሳንቲ ነው፣ በየቀኑ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፣ ወዲያው ይከፈታል። ከትንንሽ ብሎክ የተጣበቀውን ግዙ። ጽድ ደግሞ ሽታው ደስ ይላል ምስጥም አይደፍረውም፣ ለሣጥን ምርጥ ነው፣ ምግብ የሚነካ ነገር ላይ ግን ሽታው ይገባል። ባሕር ዛፍ በርካሽ ታገኛላችሁ፣ ሲቆረጥ ጀምሮ ነው የሚፈነዳው፣ በክብ ቁራጭ አትሞክሩት።

የእንጨቱን ምንጭ ጠይቁ፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ በ1986ቱ የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው ነበር፣ አንድ 80 ሳንቲ ወርድ ያለው ዝግባ እዛ ለመድረስ ስንት ትውልድ እንደቆመ አስቡት፣ ለሳሎናችን ብለን እሱን ማስጣል አይገባም። ጋሼ አብዛኛውን የሚገዙት ቤት ሲሠራ ከግቢ ከሚነሱ ግራቪሊያዎች ነው፣ የኔም ከዛ የመጣ ነው። እናንተም ግቢያችሁ የሚወድቅ ትልቅ ዛፍ ካላችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ቆርጠው ያደርቁላችኋል፣ መጀመሪያ ግን ለመቁረጡ ወረዳችሁን ጠይቁ።

ዋጋው ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራው) ጠረጴዛ በደንብ ይበልጣል፣ ለማድረቂያው ጊዜ ነው የምትከፍሉት፣ እኔ አልቆጨኝም፣ በርጩማዎቹን ለማሠራትም እመለሳለሁ። ቀብድ ስትሰጡ የሚቀባውን ዓይነትና የሚያስረክቡበትን ቀን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፣ ስትወስዱም አንድ ጎበዝ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁራጩ ደርቆም ወደ 20 ኪሎ ነው፣ ከነብረቱ ብቻዬን ራይድ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም።