የቮልስ ቺንጋ ለማስቀየር እስከ አለም ገና፦ የአንድ ጋራዥ አገልግሎት

በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ ወጥቶ አለም ገና ሲደረስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሰበታ ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ቡታጅራ ይታጠፋል። ከዚህ መገንጠያ ትንሽ አለፍ ብሎ በቆርቆሮ አጥር የተከለለ፣ በሩ ላይ ምንም ስም ያልተጻፈበት አንድ ጋራዥ አለ። ባለፈው ክረምት የቮልስዋገኔን የማራገቢያ ቺንጋ (በሞተሩ የሚዞረውን የጎማ ቀበቶ) ያስቀየርኩት እዚያ ነው። ስለ አገልግሎቱ በዝርዝር ለመጻፍ የተነሳሁትም አሮጌ መኪና ለያዘ ሰው እንዲህ ያለ ባለሙያ በቀላሉ ስለማይገኝ ነው።

መኪናዋ አባቴ ያቆየልኝ፣ እ.ኤ.አ. የ1970 ሞዴል ቮልስዋገን 1300 ናት። የቮልስ ሞተር ራዲያተርም ውሃም የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ዲናሞ ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረው ማራገቢያ ሲሆን፣ ዲናሞውንና ማራገቢያውን አንድ ላይ የሚያዞረው ደግሞ ያ አንድ ቺንጋ ነው። እሱ ከተበጠሰ ባትሪው መሞላቱን ያቆማል፤ ከዚህ የከፋው ግን ሞተሩ አየር ማጣቱ ነው። ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ስለሌለ ለሹፌሩ የሚደርሰው ማስጠንቀቂያ በፍጥነት መቁጠሪያው ውስጥ የምትበራው ቀይ መብራት ብቻ ናት። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ በመሆኑም ቶሎ ይግላል። በዚያ ላይ እኛ የምንነዳው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙም ያነሰ ነው።

የተበጠሰብኝ ቺንጋ ከገባ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ያስገባልኝ ከተማ መሐል የሚገኝ ሌላ ጋራዥ ነው፤ ሥራው በአምስት ደቂቃ ማለቁ ያን ጊዜ አስደስቶኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከሰበታ ስመለስ ቀይዋ መብራት በራች፤ ወዲያው ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። የኋላውን ኮፈን ስከፍት ቺንጋው በአንድ በኩል ጠርዙ ተተልትሎ፣ የውስጡ ክር ወጥቶ፣ ከታችኛው ፑሌጃ (ቺንጋው ከሚጠመጠምበት ክብ ብረት) ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። በአካባቢው የነበረ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው ጋራዡን የጠቆመኝ፤ የጋራዡ ሰዎችም በራሳቸው ፒክአፕ መጥተው በገመድ ጎትተው ወሰዱኝ።

የጋራዡ ባለቤት በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። መኪናዋን ከማየታቸው በፊት የተበጠሰውን ቺንጋ ተቀብለው እጃቸው ላይ ገልብጠው አዩት። ቀጥለው ጣታቸውን በዲናሞው ፑሌጃ ከንፈር ዙሪያ ቀስ እያሉ አዞሩና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። እኔም እንድነካው አደረጉኝ፤ ብረቱ ተነቅሶ እንደ ጥርስ የሾለ ነገር ወጥቶበታል። «ልጄ፣ ይህ ቺንጋ አርጅቶ አይደለም የተበጠሰው፤ በካቻቢቴ ተፈልቅቆ ነው የገባው» አሉኝ።

የቮልስ የዲናሞ ፑሌጃ እንደ ሌሎች መኪናዎች አንድ ወጥ አይደለም። በሁለት ግማሽ የተከፈለ ሲሆን በግማሾቹ መካከል ሮንዴላ የሚባሉ ስስ የብረት ቀለበቶች ይገባሉ። የቺንጋው ውጥረት የሚስተካከለው በእነዚህ ሮንዴላዎች ብዛት ነው፦ ከመካከል ሲቀነሱ ግማሾቹ ይቀራረቡና ቺንጋው ወደ ፑሌጃው ጠርዝ ወጥቶ ይወጠራል፤ ሲጨመሩ ወደ ውስጥ ሰምጦ ይላላል። ከመካከል የወጡት ደግሞ አይጣሉም፤ ከውጪ በኩል ፑሌጃውን ከሚያስረው ዳዶ ሥር ይቀመጣሉ፣ ቺንጋው ቢቀየር ተመልሰው ያስፈልጋሉና። የቀድሞው ጋራዥ ዳዶውን ሳይፈታ ቺንጋውን በጉልበት አስገብቶት ኖሯል።

የአለም ገናው ሥራ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ አንዱም ደቂቃ የባከነ አልነበረም። ጋሼ ካቻቢቴውን በውስጠኛው ግማሽ ፑሌጃ ላይ ባለው ክፍተት አስገብተው ከዲናሞው የላይኛው ቡሎን ጋር በማስደገፍ ፑሌጃው እንዳይዞር ካደረጉ በኋላ፣ ረዳታቸው በ21 ቡሶላ ዳዶውን ፈታ። የወጡት ሮንዴላዎች አራት ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ከውጪ በኩል የተቀመጡ፣ በመካከል አንድም የሌለ። ጋሼ ከመደርደሪያ አንድ የኒዶ ጣሳ አወረዱ፤ ውስጡ ከድሮ ሞተሮች የተለቀሙ የቮልስ ሮንዴላዎች ሞልተውታል። ከዚያ ሁለት ጨመሩልኝ። የተነቀሰውን ከንፈር በጥሩ ሞረድ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ አሹት፤ ጣቴን እንደገና አስነኩኝ።

ቺንጋ በጋራዡ አይሸጥም። ይህ የአገልግሎቱ አንድ ጉድለት ነው፤ ረዳቱ ልጅ እስከ መለዋወጫ መሸጫው ሶማሌ ተራ ሄዶ እስኪመለስ ግማሽ ቀን ጠበቅሁ። ያመጣው ጀርባው ላይ 9.5 በ905 የሚል ቁጥር ያለው ሲሆን ጋሼ ቁጥሩን በመነጽራቸው አንብበው ካረጋገጡ በኋላ ነው የተቀበሉት። ሲያስገቡትም ዳዶው በጠበቀ ቁጥር ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ነበር፤ ይህ ካልተደረገ ቺንጋው በሁለቱ ግማሾች መካከል ተቆንጥጦ ከመነሻው እንደሚጎዳ አስረዱኝ። የመጀመሪያው ሙከራ ላላ፤ ፈትተው አንድ ሮንዴላ ከመካከል ወደ ውጪ አሳለፉ። በሁለተኛው ቺንጋው በመሐሉ በአውራ ጣት ሲጫኑት ወደ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገባ አለ፤ ልኩ ይኸው ነው። ከዚህ የላላ ይንሸራተታል፣ ከዚህ የጠበቀ የዲናሞው ዘንግ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ይበላል። በመጨረሻ አራቱ ሮንዴላዎች በመካከል፣ ሁለቱ ከውጪ ሆኑ፤ ይህንንም በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ።

ከሁሉ ይልቅ ያከበርኳቸው ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነው። የዲናሞውን ፑሌጃ በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙና ኩሽኔታው ትንሽ ክፍተት እንዳለው ነገሩኝ፤ ወዲያው ግን «አሁን አይቀየርም፣ ድምፅ ሲጀምር ትመጣለህ» አሉ። አንድ ዲናሞ ሊያስገዙኝ ይችሉ ነበር፤ እኔም አምኜ እገዛ ነበር። ቀጥለው ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን አዙረው ቀይዋ መብራት መብራቷን አዩ። አምፖሏ ከተቃጠለች ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ ሹፌሩ የሚያውቅበት መንገድ እንደሌለ፣ በእኔ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር በከፊል ስለሚከልለው መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ እንደሆነ ነገሩኝ። ሃያ ዓመት ቮልስ ስነዳ ያችን አምፖል እንድፈትሽ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የእጅ ዋጋ 800 ብር ከፈልኩ፤ መጎተቻው 500 ነበር፤ ቺንጋው ለብቻው በደረሰኝ ተሰላ። ለቺንጋ ቅያሪ ውድ ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን በአምስት ደቂቃው ሥራ ምክንያት መንገድ ላይ ከቀረሁ በኋላ ዋጋውን የምመዝነው በሌላ ሚዛን ነው።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ቅሬታ የቦታው ነው። ግቢው አፈር በመሆኑ በክረምት ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ለደንበኛ የተዘጋጀ መጠለያም ሆነ ወንበር የለም፤ ዝናቡን ያሳለፍኩት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው። የጋራዡ ደረሰኝም በእጅ የተጻፈ ወረቀት ስለሆነ የሒሳብ ሰነድ ለሚያስፈልገው ድርጅት አይሆንም። ጠዋት በጅማ መንገድ መጨናነቅ ውስጥ መሄድም ያሰለቻል፤ ማልዶ መነሳት ይሻላል።

አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ስለሚለጠጥ ተመልሼ እንዳሳያቸው ነግረውኝ ነበር። በመካከሉ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ያለውን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጣሁበት፤ ቀይዋ መብራት አልበራችም፣ የመንሸራተት ጩኸትም አልሰማሁም። 500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ አለም ገና ሄድኩ። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፣ ዳዶውን አስፈቱ፣ አንድ ሮንዴላ ከመካከል ወደ ውጪ አሳለፉና መልሰው አሰሩት። ወረቀቴን ተቀብለው «አራት በመካከል፣ ሁለት ከውጪ» የሚለውን ሰርዘው «ሦስት፣ ሦስት» ብለው ጻፉበት። ለዚህኛው ሥራ ገንዘብ አልተቀበሉኝም።