ለከፋ ዞን የወፍ አስጎብኚያችን ምስጋና፣ ለፎቶግራፍ ወዳጆችም ጥቆማ

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ቦንጋ የገባነው የከፋን ደን ወፎች ፎቶ ለማንሳት ነበር። ይህን የምጽፈውም ጉዞውን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ላሰናዳልን፣ ተወልዶ ያደገው እዚያው ቦንጋ ለሆነው አስጎብኚያችን ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና ተመሳሳይ ጉዞ ለምታስቡ ሁሉ እርሱን ለመጠቆም ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አላሰፈርኩም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን እርሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ።

ስለ ወፍ ፎቶ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ነው። እውነት ነው፣ ሐዋሳም ሆነ ዝዋይ ዳር ቆሞ ወፍ ማንሳት ቀላል ነው፤ ብርሃኑ ሙሉ ነው፣ ወፉም ከሰው ጋር ለምዷል። የዝናብ ደን ግን ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የከፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮው ከነዋሪው ሕዝብ ጋር ተጠብቆ የሚኖርበት ሥፍራ) 760 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ሲሆን፣ ቀረሮው፣ ዶቅማው፣ ጥቁር እንጨቱና ዋንዛው ከላይ ተጋጥመው፣ ከሥራቸው የጫካ ቡናው ጥላ አግኝቶ የሚያድግበት አገር ነው። እዚያ ውስጥ ወፍ ከማየት ይልቅ መስማት ይቀላል። ድምፁ ከራስ በላይ ይሰማል፣ ቅጠሉ ይንቀሳቀሳል፣ ካሜራው እስኪነሳ ድረስ ቅርንጫፉ ባዶ ይሆናል። ጥሩ ሌንስ የያዘ ሰው ሁሉ ጥሩ ፎቶ ይዞ የማይመለሰውም ለዚህ ነው፤ ደኑን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

አስጎብኚያችን ደኑን ማወቁን ያስመሰከረው በመጀመሪያው ማለዳ ነበር። እኛ መንገድ ለመንገድ እየሄድን ያገኘነውን እናነሳለን ብለን ስንጠብቅ፣ እርሱ ግን ከመምጣታችን አስቀድሞ ንብ አናቢዎችንና ቡና ለቃሚዎችን እየጠየቀ የትኛው ሾላ ፍሬው እንደበሰለ፣ የትኛው ዛፍ ገና እንደሆነ ለይቶ ይዞ ነበር። ለካስ ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ኖሯል። ፍሬ በሊታ የሆኑት ወፎች የበሰለ ሾላ ካገኙ በየማለዳው ተመልሰው ይመጣሉ፤ ስለዚህ ወፉን ከማሳደድ ይልቅ ወፉ ወደሚመጣበት ቀድሞ ሄዶ መቀመጥ ይሻላል። በከፋ ንብ አናቢዎች ቀፏቸውን ከረጃጅም ዛፎች ጫፍ ላይ ስለሚሰቅሉ የዛፉን አበባና ፍሬ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ አስጎብኚያችንም ይህን እውቀታቸውን አክብሮ ይጠይቃል፣ ላደረጉትም ትብብር ድርሻቸውን ይሰጣል።

የመቀመጫው አመራረጥ ደግሞ የፎቶ ሰው እንጂ ተራ መንገድ መሪ አለመሆኑን አሳይቶናል። ከዛፍ ሥር ቆሞ ወደ ላይ የሚያነሳ ሰው የሚያገኘው የወፉን ሆድና ከኋላው የነጣ ሰማይን ነው። እርሱ ግን ፍሬያማው ዛፍ ከታች፣ እኛ ከላይ እንድንሆን ከዳገቱ ወገብ ላይ አስቀመጠን፤ የዛፉ ጫፍ ከዓይናችን ትይዩ ሆነ፣ ከወፉ በስተጀርባም ማዶ ያለው አረንጓዴ ገደል መጣልን። ፀሐይዋ ከጉሙ ስትወጣ ከጀርባችን እንድትሆንም አስቀድሞ አስቦበታል። ነጭ ጉንጭ ያለውን ቱራኮ ያነሳሁት ከዚያ ቦታ ነው። ይህ ወፍ ተቀምጦ ሲታይ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው፤ ከዓይኑ ፊት ነጭ ነጥብ፣ ከአንገቱ ጎን ደግሞ ነጭ መስመር አለው። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እንደ ሽኮኮ እየሮጠ ይሄድና ድንገት ክንፉን ሲዘረጋ ከውስጥ ደማቅ ቀይ ይወጣል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት እንደሆነና ከቱራኮ ወገኖች በስተቀር በሌላ ወፍ ላይ እንደማይገኝ በዚያው ቁጭ ብለን ሳለን ነገረን። ከዚያ በኋላ ሁላችንም የተቀመጠውን ወፍ ማንሳት ትተን ክንፉ የሚዘረጋባትን ቅጽበት መጠበቅ ያዝን።

ጉንጩ ብርማ የሆነው ትልቁ ሆርንቢልም ወደዚያው ሾላ ይመጣል። ከመድረሱ በፊት የክንፉ ድምፅ ይሰማል፤ አየሩ በክንፍ ላባዎቹ ሥር እየሾለከ ስለሚያልፍ ከሩቅ የሚሰማ ከባድ እስትንፋስ ይመስላል። አስጎብኚያችን ድምፁን ሲሰማ ጣቱን ያነሳል፣ እኛም የሸተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ተከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት፣ ወደ 1/1600 ሰከንድ ከፍ አድርገን እንጠብቃለን። ወንዱ ከምንቃሩ በላይ ነጣ ያለ ትልቅ ቀንድ መሳይ ነገር ተሸክሟል፤ ሰውነቱ ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ በመሆኑ ብርሃኑን ለጥቁሩ ካስተካከሉ ነጩ ይቃጠላል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። እርሱም “ነጩን አድኑ፣ ጥቁሩ በኋላ ይነሳል” እያለ ይመክረን ነበር፤ ትክክል እንደነበረም ቤት ገብተን ፎቶዎቹን ስናይ አረጋገጥን። በአንድ ሽማግሌ ቀረሮ ግንድ ላይ ያለ ቀዳዳም አሳይቶናል፤ ዙሪያው የደረቀ ጭቃ ነበረበት። ሴቷ እንቁላል ለመጣል ስትገባ ቀዳዳው በጭቃ ይዘጋባታል፣ ወንዱም በቀረችው ጠባብ ክፍተት ፍሬ እያቀበለ ይመግባታል። እንግዲህ ያ አሮጌ ዛፍ ለእንጨት ቢቆረጥ ምን ማለት እንደሆነ እርሱ አላብራራም፤ ማየቱ ይበቃ ነበር።

በተለይ ላመሰግነው የምፈልገው ግን ባላደረገው ነገር ነው። ከመካከላችን አንዱ ናሪና ትሮጎን የተባለውን ወፍ ለማንሳት እጅግ ጓጉቶ ነበር። ይህ ወፍ ጀርባው አረንጓዴ፣ ሆዱ ቀይ ሲሆን፣ ሰው ሲያይ ጀርባውን አዙሮ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ በቅጠል መካከል አይለይም። ወዳጃችን የወፉን ድምፅ በስልኩ ጭኖ መጥቶ ስለነበር ከፍቶ ሊጠራው ፈለገ። አስጎብኚያችን በትሕትና ግን በማያወላውል ቃል ከለከለው። ወፉ የተቀዳውን ድምፅ ሲሰማ ሌላ ወንድ ክልሉን የደፈረ ይመስለዋል፤ መብላቱን ትቶ ሊዋጋ ይመጣል፣ በየቀኑ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ወፉ ቦታውን ለቆ ሊሄድ ይችላል። ለደንበኛ “አይሆንም” ማለት፣ ያውም ጉርሻ ከሚጠበቅበት ሰው ፊት፣ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ጊዜ እየደጋገመ የሚሰማውን የወፉን ዝቅ ያለ ጥሪ በጆሮው እየተከተለ፣ ጥቂት እየተራመደ ብዙ እየቆመ፣ ሁላችንንም አስከትሎ ሄደ። በመጨረሻ ቆመና ጣቱን ወደ አንድ ሐረግ ቀሰረ። እኔ ወፉን ያየሁት አንገቱን ሲያዞር ብቻ ነው። ወዳጃችን በትራይፖድ ላይ ሆኖ በ1/60 ሰከንድ ያነሳው ፎቶ ከጉዞው ሁሉ የተሻለው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ወፉ ሳይረበሽ ስለቆየለት በእርጋታ ለማንሳት ጊዜ አግኝቷል።

ከእኛ መካከል ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ ታላቃችን ነበሩ። ቁልቁለቱን ሲያዩ መኪና ውስጥ ለመቅረት ወስነው ነበር። አስጎብኚያችን ግን ከመንገዱ ብዙም የማይርቅ የፈካ ቁጥቋጦ አጠገብ በርጩማ አኑሮላቸው “ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ፤ እኛ ወፍ ፍለጋ እንወርዳለን፣ ወደ እርስዎ ግን ወፉ ራሱ ይመጣል” አላቸው። እኛ በላብ ተጠምቀን ስንመለስ እርሳቸው ራሱ ጥቁር፣ አካሉ ቢጫ የሆነውን የሐበሻ ኦሪዮል በቅርብ አንስተው፣ የካሜራቸውን ስክሪን እያሳዩ አላስቀምጥ አሉን። ወጣት ሁሉ ታላቁን እንዲህ ቢይዝ የሚያሰኝ ነው።

ስለ ካሜራ አያያዝም ብዙ ረድቶናል። ደን ውስጥ ብርሃን ስለሚያንስ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 3200 እና 6400 ለማውጣት መፍራት እንደሌለብን፣ የሻከረ ፎቶ ከተንቀጠቀጠ ፎቶ እንደሚሻል ደጋግሞ ነግሮናል። ፍላሽ እንዳንጠቀም አሳስቦናል። ዝናቡ በድንገት ስለሚመጣ ለእያንዳንዳችን የፕላስቲክ መሸፈኛ ይዞልን ነበር፤ እርጥበቱም ሌንስ ውስጥ እንዳይገባ ማታ ማታ ቦርሳችንን የት እንደምናስቀምጥ እንኳ ይከታተል ነበር። ጉንዳን የሰፈረበትን መንገድም ከእኛ ቀድሞ ያያል፤ ሱሪያችንን ካልሲ ውስጥ እንድንከት ሲነግረን የሳቀ አንድ ሰው ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ አልሳቀም።

አንድ ሌላ ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ፊተ ቢጫ በቀቀን ማምሻውን በመንጋ እየጮኸ ወደሚያድርበት ዛፍ ወስዶን ነበር። ፎቶውን ካነሳን በኋላ የዛፉን ትክክለኛ ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዳንጽፍ፣ ፎቶው ላይ የሚቀመጠውን የጂፒኤስ መረጃም እንድናጠፋ ጠየቀን። በቀቀን ሰው በሽቦ ቤት ሊያሳድገው የሚመኘው ወፍ በመሆኑ ጥንቃቄው ተገቢ ነው። እኔም ቃሌን ስለምጠብቅ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እርሱ ራሱ ይወስዳችኋል።

የቡና ለቀማ ወቅት ስለነበር በየመንገዱ ቅርጫት የያዙ እናቶችና ልጆች እናገኝ ነበር። አስጎብኚያችን ከእነርሱ ጋር በከፋ ቋንቋ ተነጋግሮ ፈቃዳቸውን ሳያገኝ ካሜራ ወደ ሰው እንድናዞር አልፈቀደም። ከእነዚህ እናቶች አንዷ ቤታቸው አስገብተው ከጓሯቸው የተለቀመ ቡና አፍልተው፣ ቆጮ በማር አቅርበው አስተናግደውናል፤ እግዜር ይስጥልን። ቦረቦሩን መንገድ በትዕግሥት ላሽከረከረልን ሾፌራችንና አብሮን ለዋለው የደን ጠባቂም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ጥቆማዬ ሚዛናዊ እንዲሆን የማይመቻቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑም ልናገር። በአጭር ቀን ውስጥ ብዙ ዓይነት ወፍ አይቶ ዝርዝሩ ላይ ምልክት ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከዚህ አስጎብኚ ጋር ትዕግሥቱ ያልቃል፤ እርሱ አንድ ዛፍ ፊት ማለዳውን ሙሉ ቢያስቀምጣችሁ ቅር አይለውም። ማረፊያው ንጹሕ ነው እንጂ የተንደላቀቀ አይደለም፤ መብራት ስለሚጠፋ ትርፍ ባትሪ ይዞ መሄድ ግድ ነው፣ ደን ውስጥ ከገባችሁ በኋላም ስልክ አይሠራም። መንገዱ ሲዘንብ ስለሚያዳልጥ ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል። ከ400 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሌንስ ያለው ሰው ለትልልቆቹ ወፎች ይበቃዋል፣ ለትንንሾቹ ግን ይቸገራል።

ስለ ክፍያውም ግልጽ ነው። የእርሱን የቀን አበል፣ የመኪናውን፣ የመግቢያውንና ለደን ጠባቂው የሚሰጠውን ለየብቻው ጽፎ አስቀድሞ ልኮልናል፤ በመጨረሻም ከተጻፈው ውጭ አንድ ብር አልተጠየቅንም። ለመሄድ የምታስቡ ከሆነ ከባዱ ክረምት ካለፈ በኋላ ያሉትን ወራት ምረጡ፤ ሆኖም ከፋ ዝናብ የማያጣው አገር ስለሆነ የዝናብ ልብስ አይቅር። ቡድናችሁ ከአራት ሰው ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በደኑ ውስጥ ጸጥታውን መጠበቅ ይቸግራል፣ እርሱም ብዙ ሰው አይቀበልም። ከመሄዳችሁ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ንገሩት፤ የትኛው ሾላ መቼ እንደሚበስል ጠይቆ ቀኑን አብሯችሁ ይወስናል።