የጡረተኛው ረከቦት

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጓሯቸው ውስጥ እንጨት የሚሠሩ ጋሼ አሉ። ከእሳቸው በ4,000 ብር ረከቦት ገዛሁ። ርካሽ አይደለም። ግን ዋንዛ ነው፣ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) አይደለም። ኤምዲኤፍ ውሃ ከገባበት ያብጣል፤ ረከቦት ላይ ደግሞ ውሃ የማይፈስበት ቀን የለም። የእሳቸው ጠርዙ ከፍ ስላለ የስኒው እጣቢ ምንጣፍ ላይ አይወርድም። መሳቢያው ያለ ምስማር፣ ጥርስ በጥርስ ነው የተገጠመው። ስስበው ልስልስ ብሎ ይመጣል። እኔን የገዛኝ እሱ ነው።

በርጩማም አላቸው። እንደ ጅማው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ሳይሆን እግሩ የተሰካ ነው። ክፉ አይደለም፤ በዚያ ዋጋ ግን የጅማውን እመርጣለሁ።

ችግሩ ቀጠሮ ነው። ለፋሲካ ይደርሳል ተብዬ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ተረከብኩ። ስደውል «ልጄ፣ ቫርኒሹ ሳይደርቅ ልስጥሽ?» አሉኝ። ምን ይባላል! ሽታው እንደሆነ አሁንም ትንሽ አለ።

ደግነቱ ቀብድ አይጠይቁም። አይተሽ ካልወደድሽው ትተሽው ትሄጃለሽ። ክፍያ በቴሌብር ይሆናል። ለሠርግ ስጦታ የፈለገ ከሁለት ወር በፊት ይዘዝ፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ አይሞከርም።