የራቪ ሻንካር ወይስ የቪላያት ካን? ሁለቱ ሲታሮች ሲመዘኑ

በሕንድ ኮልካታ ወይም በማሃራሽትራ ግዛት ሚራጅ ከተማ ሲታር (ረጅም አንገት ያለው የሕንድ የክር መሣሪያ) ሠሪ ዘንድ የሚሄድ ገዢ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ይቀርብለታል፤ አንዱ በዝነኛው ሲታር ተጫዋች ራቪ ሻንካር፣ ሌላው በሌላው ዝነኛ ተጫዋች በቪላያት ካን ስም የሚጠራ። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፤ ክራቸውም ቅኝታቸውም ለየቅል ነው።

የራቪ ሻንካሩ (እ.ኤ.አ. 1920–2012) «ካራጅ ፓንቻም» ይባላል። ሰባት ዋና ክሮች፣ ከፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ ክሩ ከሚጫንባቸው የብረት ዘንጎች) ሥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 13 አስተጋቢ ክሮች አሉት። ከሰባቱ መካከል ሁለቱ ወፍራም የነሐስ ክሮች ትልቁ ሀብቱ ናቸው። ታብላ (አጃቢው ጥንድ ከበሮ) ከመግባቱ በፊት ራጋው (የሚጫወተው የዜማ ስልት) በዝግታ በሚገለጥበት፣ አላፕ በሚባለው መክፈቻ፣ ያ ደረት ውስጥ የሚሰማው ጥልቅ ድምፅ የሚወጣው ከእነሱ ነው። ችግራቸው ጨዋታው ሲፈጥን ሳይነኩ ማጉረምረማቸው ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሲታር ክሮቹን ይዞ ዝም የሚያሰኝ ትንሽ መንጠቆ ይገጠምለታል።

ቪላያት ካን (1928–2004) ሁለቱን ወፍራሞች አውጥቶ በምትካቸው «ጋ» (የሕንድ ስኬል ሦስተኛ ድምፅ) ላይ የሚቃኝ አንድ የብረት ክር አስገባ። ዋና ክሮቹ ስድስት ሆኑ፤ ስሙም «ጋንዳር ፓንቻም» ነው። ይህ ሲታር የተሠራው እንደ ሰው ጉሮሮ እንዲዘፍን ነው። የመጀመሪያው ክር አንድ ፍሬት ላይ ተይዞ ወደ ጎን ሲሳብ እስከ አምስት ድምፅ ይወጣል። ለዚህ አንገቱ ጠንካራ መሆን አለበት። አንገቱ ደካማ ከሆነ ክሩ በተሳበ ቁጥር ይታጠፍና የቀሩት ክሮች ቅኝት ይወርዳል። ሲገዙ ይህንኑ ይሞክሩ፤ አንዱን ክር በኃይል እየሳቡ ሌሎቹን ያድምጡ።

ከሁሉ በላይ ግን ክሮቹ የሚያርፉበትን ብርኩማ ይመርምሩ። የሲታር ብርኩማ ሰፊና ለጥ ያለ ነው። ክሩ ገጹን እየዳበሰ ሲርገበገብ በገና ላይ እንዚራ የሚፈጥረውን ዓይነት ነዛሪ ድምፅ ይሰጣል፤ ሕንዶቹ «ጃዋሪ» ይሉታል። የራቪ ሻንካሩ ክፍት፣ ደማቅ ጃዋሪ ነው፤ የቪላያት ካኑ ዝግና ለስላሳ። ክሩ በጊዜ ብዛት ብርኩማውን ይቦረቡራል፤ ያኔ ድምፁ ይታፈናል ወይም እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል። መፍትሔው ሞርዶ እንደገና ማስተካከል ነው፤ ግን ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው። ለጥቂት ያለፈ ሞረድ ድምፁን ይገድለዋል። የመጀመሪያውን ክር በየፍሬቱ እየተጫኑ ከላይ እስከ ታች ይምቱት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ድምፁ ከሞተ ጥፋቱ የፍሬት ወይም የተጣመመ አንገት ሊሆን ስለሚችል ብርኩማ መሞረድ አያድነውም።

ላይኛው አንገት ላይ የሚታሰረው ሁለተኛ ቅል ለዓይን ያምራል እንጂ ለድምፅ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ለእሱ ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም። የመሣሪያው አካል የሆነውን ታችኛውን ዋና ቅል ግን በብርሃን አዙረው ይዩት። ቀጭን ስንጥቅ በጉዞ ላይ ይሰፋል፤ ስለዚህ ከጨርቅ ከረጢት ይልቅ ጠንካራ የፋይበርግላስ ሣጥን ይግዙ። የመጀመሪያው ክር 0.30 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ብረት ነው፤ በላብ ይዝጋል፣ ይበጠሳል፣ መለዋወጫው አይራቅ።

ምርጫው? እየዘፈነ የሚያለቅስ ሲታር ለሚወድ ጆሮ የቪላያት ካኑ ይበልጥበታል። ለጀማሪ ግን መምህሩ የሚጫወተው ዓይነት ይቅደም፤ የክሮቹ አደራደር ስለሚለያይ በአንዱ የሠለጠነ ቀኝ እጅ ሌላው ላይ ይሰናከላል።