የቆየ መኪና ኤሲ ከአር 12 ወደ አር 134ኤ ሲዛወር፦ በአዳማ ያገኘሁት አገልግሎት

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራችው ላንድክሩዘሬ ከፋብሪካ ስትወጣ ኤሲዋ የሚሠራው አር 12 በተባለው ጋዝ ነበር። ይህ ጋዝ የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ እንዲቆም ተደርጓል። ስለዚህ ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ የምመላለስባትን መኪና በእርሱ ምትክ ወደመጣው አር 134ኤ ጋዝ ለማዛወር አዳማ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ ጋራዥ ወሰድኳት።

በየቦታው «ማዛወር» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አዲሱን ጋዝ በአሮጌው ዘይት ላይ መሙላት ብቻ ነው። የአር 12 ኮምፕሬሰር (ጋዙን የሚጨምቀው ክፍል) የሚለሰልሰው በማዕድን ዘይት ሲሆን፣ ይህ ዘይት ከአር 134ኤ ጋር ስለማይዋሃድ አየሩን በሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተርና በቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል፤ ኮምፕሬሰሩም ያለ ዘይት እየሠራ ይበላል። የዚህ ጋራዥ መካኒክ ግን ኮምፕሬሰሩን አውርዶ አሮጌውን ዘይት ካንጠፈጠፈ በኋላ፣ ከሚተርፈው ጥቂት የማዕድን ዘይት ጋር የሚስማማውን ኤስተር ዘይት ሞላ። እርጥበት የሚመጠውን ድራየርና መጋጠሚያዎቹን የሚያሽጉትን የጎማ ቀለበቶች (ኦሪንጎች) ለወጠ፤ ወደፊት ማንም ተሳስቶ ሌላ ጋዝ እንዳይሞላበትም በመሙያ አፎቹ ላይ የአር 134ኤ ማያያዣ ገጠመ።

ከሁሉ ያደነቅኩት ጋዙን ከመሙላቱ በፊት አየሩን ከሥርዓቱ በፓምፕ ያወጣበትን ጥንቃቄ ነው። በመመሪያዎች ላይ የሚታየው 29 ኢንች የቫኪዩም (አየሩ ምን ያህል እንደወጣ የሚያሳይ) ንባብ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው፤ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና እዚያ የአየር ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ ፓምፑ ምንም ያህል ቢሠራ የተራው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) መርፌ ከ25 ኢንች ብዙም አያልፍም፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 23 አካባቢ ይቆማል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ደህናውን ፓምፕ ደክሟል ይላል፣ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። እርሱ ግን ፓምፑን በቂ ጊዜ ካሠራ በኋላ ቫልቮቹን ዘግቶ መርፌው አለመመለሱን አረጋገጠ። ጋዙንም በመመልከቻ መስታወቱ አረፋውን እያየ ሳይሆን በሚዛን፣ ከቀድሞው የአር 12 ክብደት 85 በመቶ ያህሉን ሞላ፤ ከዚህ ማስበለጥ ግፊቱን ከማናር በቀር አያቀዘቅዝም።

በጉዞ ላይ ቅዝቃዜው እጅግ ጥሩ ነው። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ግን፣ በተለይ በአዋሽ ቀትር፣ በግልጽ ይደክማል፤ በከፍተኛ ሙቀት የአር 134ኤ ግፊት ከአር 12 ስለሚበልጥ የድሮው ኮንደንሰር (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) ሙቀቱን አስወጥቶ አይጨርሰውም። ሰፋ ያለ ኮንደንሰር ወይም ተጨማሪ ማራገቢያ እንደሚያስፈልግ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሊነገረኝ ይገባ ነበር። ከዚህ የሚከብደው ቅሬታዬ ግን በሥርዓቱ ውስጥ የቀረው አር 12 ወደ አየር መለቀቁ ነው። አገራችንም የስምምነቱ አባል ናት፤ በሌላው ሁሉ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ጋራዥ የጋዝ መሰብሰቢያ ማሽን ሊኖረው ይገባል።

ዋጋው ጋዝ ብቻ ከሚሞሉት ቤቶች በእጅጉ ይበልጣል፣ ቢሆንም ለሚሠራው ሥራ ተገቢ ነው። ኮምፕሬሰሩ ድምፅ ማሰማት የጀመረበት ሰው ግን አስቀድሞ እርሱን ያስመርምር፤ አዲስ ጋዝና ዘይት ያረጀ ኮምፕሬሰርን አያድኑም።